ጋሽ ተፈራ እና የሳሊተ ምሕረቷ ጀልባ

አቶ ኃይሉ ኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው የሆስፒታላችን ኮሪደር ላይ ቆመው ሳያቸው፣ ለምን እንደመጡ ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። የድሮ አከራዬ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶና ፌሮ ሲያሻሽጡ የሚውሉ ሰው ናቸውና ያለ ጉዳይ ቦሌ ድረስ መጥተው ነርስ አይጠይቁም። የያዝኩትን ትሪ አስቀምጬ ጠጋ አልኳቸው።

«እትዬ የሺ ናቸው?» አልኩ።

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። «እሳቸው ደህና ናቸው። ጋሽ ተፈራ ናቸው ያረፉት። ዛሬ ጠዋት፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ።»

ሁላችንም የምንሰጋው ለሚስታቸው ነበር። ልባቸው የደከመው፣ እግራቸው የሚያብጠው፣ ትራስ በትራስ ተደግፈው የሚተኙት እትዬ የሺ ናቸው። ጋሽ ተፈራ ጣራ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ የሚመቱ፣ የሰፈሩን ቁልፍና ማጠፊያ ሁሉ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ሞት ወደዚያ ግቢ ከመጣ ለማን እንደሚመጣ እናውቃለን ብለን ነበር።

ከጋሽ ተፈራ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው ማለት ይቻላል። ጊዜው አዲስ አበባ በየአቅጣጫው የምትቆፈርበት ነበር። በሲኤምሲ በኩል የትናንቱ የጤፍ ማሳ ዛሬ አጥር ይታጠራል፣ በዓመቱ ጂ ፕላስ ፎር ይሆናል። እኔ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አቶ ኃይሉ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ገባሁ። የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ጠዋት በታክሲ ተጋፍቼ እመጣና እስከ ቀትር እተኛለሁ። ወይም እተኛለሁ ብዬ ነበር የገባሁት።

በመጀመሪያው ጠዋት እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ ተነሳ። የሚከፈት በር ይመስላል፣ ግን በር አይደለም። ረጅም ሲጢጥታ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይንተፋተፋል፣ መጨረሻው ላይ ጥርስ እንደሚነቀልበት ሰው ይጮኻል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወደኋላ ይመለሳል። ጠዋቱን ሙሉ እንዲያ ሲል ዋለ። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ። በሦስተኛው ቀን ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁና በቆርቆሮው አጥር ክፍተት አንገቴን አሻግሬ አየሁ።

ጀልባ ነበር። እውነተኛ የሸራ ጀልባ፣ በርሜልና ግንዲላ ላይ ተደላድሎ፣ በጎመን መደቡና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ቆሟል።

«እናንተ ቤት ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብዬ ተጣራሁ።

አንድ ቀጭን ሽማግሌ ከጀልባዋ ሆድ ብቅ አሉና መሰላሉን እየረገጡ ወረዱ። እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ለሰላምታ በአጥሩ ክፍተት ዘረጉልኝ።

«አንቺ ነሽ አዲሷ ሲስተር? ነጭ ልብስሽ ሲሰጣ አይቻለሁ። የሌሊት ተረኛ መሆንሽን ግን አላወቅኩም።»

«ከሥራ መጥቼ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም፣ አባባ።»

«የጀልባዋ ጓዳ ክዳን ናት የምትጮኸው። ስገባም ስወጣም ስለማንሸራትታት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከነገ ጀምሮ አትሰሚያትም።»

ሰው እንዲህ ሲል ለወጉ ነው ብዬ ገባሁ። በማግስቱ ግን እውነትም ጸጥ አለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ ብዙም ሳልቆይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ የሺ ናቸው፤ ያኔ ገና አላውቃቸውም። አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ነርስ ነሽ አሉ። ያንን ሰውዬ አውጪልኝ።»

ለካ ጋሽ ተፈራ እኔን ላለመቀስቀስ ክዳኑን መክፈት ትተው፣ በጀልባዋ አፍንጫ በኩል ባለችው ጠባብ መስኮት ሊገቡ ሲሞክሩ ወገባቸው ላይ ተሰንቅረዋል። ስደርስ ከመስኮቱ ውጭ ያለው እግራቸው ብቻ ነው። እግራቸውን ይዤ መጎተት ጀመርኩ። ከውስጥ ቀስ ያለ፣ ምንም ያልደነገጠ ድምፅ መጣ።

«አትታገይኝ ሲስተር። መጀመሪያ የት ጋ እንደያዘኝ እዪ።»

አየሁ። የቀበቷቸው ዘለበት ነበር የያዛቸው። እጄን አሾልኬ ሳላቅቀው ተንሸራተው ወጡ፤ እትዬ የሺ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የዚያን ዕለት ቁርስ ከእነሱ ጋር በላሁ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ።

«አትታገይው፣ የት ጋ እንደያዘው እዪ» የዘወትር ንግግራቸው ነበር። ለዛገ ቡሎን ይሉታል፣ አልከፈት ላለ የጃም ጠርሙስ ይሉታል፣ አንዳንዴም ስለ ሰው ይሉታል። ኃላፊዬ ፈረቃዬን አልቀይር ብላኝ ስነጫነጭ ሰምተው «እስቲ የት ጋ እንደያዛት እያት» አሉኝ። ሄጄ ቀስ ብዬ ስጠይቃት ለካ ሌሊት ትታት የማትወጣት ሕፃን ነበረቻት፤ ተነጋግረን ተስማማን።

ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። የመርከብ አናጢ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን አዲስ አበባ መጡና ጡረታ እስኪወጡ በአንድ ሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ አስተማሩ። መርከቡ ግን ከእግራቸው አልወጣም። መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስል እግራቸውን ከፈት አድርገው ይራመዳሉ። ማንኛውንም ደረጃ የሚወርዱት የመርከብ መሰላል እንደሚወርዱት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው፣ ወደኋላ ነው። አንድ ቀን ሃያ ሁለት አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ጉዳይ ነበራቸውና አብሬያቸው ሄድኩ። ስንወርድ ሱፍ የለበሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ጥበቃው ተጨንቆ «አባባ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አላቸው። «ምንም አልጠፋኝ ልጄ፤ እግሬ የለመደው እንዲህ ነው» ብለውት በኩራት መውረዳቸውን ቀጠሉ።

ጀልባዋን ያገኟት ቢሾፍቱ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ትቷት ሄዶ፣ ለዓመታት ባሕር ዛፍ ሥር ስትበሰብስ ኖራለች። አጠገቡ ያለው ሆቴል ሊስፋፋ ሲል ሊጥሏት ነበር፤ ጋሽ ተፈራ ሰምተው ሄደው በመኪና አስጭነው አመጧት። ጠግነው እዚያው ሐይቅ ላይ ሊመልሷት ነው።

«ለምን ግን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሺ ባሕር አይታ አታውቅም። ስንጋባ እኔ ምፅዋ፣ እሷ ደብረ ብርሃን። ጦርነቱ ነበረ፣ ልወስዳት አልቻልኩም። በኋላም ባሕሩ ራሱ ራቀ። ሠላሳ ዓመት በወሬ ብቻ አደነቆርኳት።»

እትዬ የሺ ከወጥ ቤት ሰሙ። «ውሃ እፈራለሁ አልኩህ እኮ አንተ ሰውዬ! ሻወር እንኳ ሲከፈት እሸሻለሁ!»

ሰፈሩ ጀልባዋን «የኖኅ መርከብ» ይላት ነበር። አንድ ጊዜ ነገሩ ዕድር ስብሰባ ላይ ተነሳ። ያነሱት አቶ ኃይሉ ናቸው፤ ጀልባዋ ትጮኻለች፣ ደግሞ ሰፈሩን የቆሻሻ መጣያ ታስመስለዋለች አሉ። ጋሽ ተፈራ ቆባቸውን አውልቀው ተነሱ።

«በድምፁ ጥፋተኛ ነኝ። ሲስተርን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ እናንተንም እጠይቃለሁ፤ እየጠገንኩት ነው። በመልኳ ግን፣ ኃይሉ፣ የአንተ ሲሚንቶ እስኪራገፍባት ድረስ ነጭ ነበረች።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አቶ ኃይሉም ሳይወዱ ሳቁ።

የክዳኑ ጥገና ግን እንደ ቀልድ የሚያልቅ አልሆነም። ክዳኗ ከእንጨት የተሠራች፣ የጓዳዋን መግቢያ ከላይ የምትሸፍን፣ በሁለት ሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የምትንሸራተት ሰሌዳ ናት። መጀመሪያ ሐዲዱን ሻማ ቀቡት። ሁለት ቀን ዝም አለች፤ ከዚያ በዙሪያችን ካለው ግንባታ የሚነሳው አቧራ ሻማው ላይ እየተጣበቀ ከበፊቱ የባሰ ጮኸች። ሳሙናም ሞከሩ፣ ያው ሆነ። ያን ጊዜ መሸፋፈኑን ተዉና ክዳኗን ሙሉ በሙሉ አወለቋት። አንዱን ሐዲድ የያዘው ቡሎን ዝጎ፣ ሐዲዱ በአንድ በኩል ሰምጧል፤ ስለዚህ ክዳኗ በተንሸራተተች ቁጥር ጠርዟ የጀልባዋን ገላ ይፍቃል። ቡሎኑን ቀየሩ፣ የሰመጠውን በስስ እንጨት አነሱት። የቀረው ክዳኗ የምትሄድበት ለስላሳ ነገር ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ስገባ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ።

«የመክተፊያዬን ነገር ንገረኝ! ነጩ ፕላስቲክ መክተፊያዬ የት ሄደ?»

«የሺ፣ አሁን ትልቅ ቦታ ላይ ነው ያለው።»

«ሽንኩርቴን በምን ልክተፍ?»

«በእንጨቱ። ፕላስቲኩ ላይ እኮ ይንሸራተትብኛል ትይ ነበር። እኔም የፈለግኩት የሚንሸራተት ነገር ነው።»

መክተፊያውን በቀጫጭኑ ሰንጥቀው ሐዲዱ ላይ ገጥመውታል። ጠሩኝና «ክፍልሽ ግቢና ስሚ» አሉኝ። ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። «አሁንስ?» ይላሉ ከአጥሩ ማዶ። «ምንም አልሰማሁም!» እላለሁ። «አሁንስ?» «ምንም!» ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን በሳምንቱም ያችኑ ክዳን ይልጋሉ፣ ይፍቃሉ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ድምፁ ጠፍቷል እኮ። ምን ቀረ?»

«በአንድ ጣት ግፊያት።»

ገፋኋት። ሄደች፤ መሃል ላይ ግን ትንሽ ያዝ አደረጋት። «አየሽ? ገና ናት» አሉና ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ቀጠሉ። የባለሙያ ግትርነት ነው ብዬ ተውኳቸው።

በዚያው ሰሞን እትዬ የሺ ባሰባቸው። መድኃኒታቸውን የምከታተለው እኔ ነበርኩ፤ ከአልጋ እስከ በር ሲራመዱ ሁለቴ የሚያርፉበት ጊዜ መጣ። ጋሽ ተፈራም አንዳንድ ጊዜ መሰላሉ ሥር ቁጭ ብለው ግራ ክንዳቸውን ሲያሹ አያቸዋለሁ። ለምርመራ ቀጠሮ አስያዝኩላቸው። በቀጠሮው ቀን ግን ይዘዋቸው የመጡት እትዬ የሺን ነበር፤ «ወረፋው ከተገኘ እሷ ትታይ፣ የእኔ የአናጢ ክንድ ነው» ብለው። ብዙ ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸውም። ሳቁብኝ። በዚህ ነገራቸው እስከ ዛሬ እቀየማቸዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ የአቶ ኃይሉ ሕንፃ መጣ። ጀልባዋ የምትወጣበት ብቸኛ መንገድ ከፊት ለፊት ባለው በእሳቸው ባዶ ቦታ በኩል ነበር። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት እንድትወጣ ተስማምተዋል። ሆኖም ኤክስካቫተሩ ከተባለው ቀን ቀድሞ፣ አንድ ጠዋት ጭስ እየተፋ ከች አለ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ምን ላድርግ?» አሉ አቶ ኃይሉ፣ ፊታቸው ቀልቶ። «ዛሬ ካልቆፈረ ማሽኑን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ከዚያ መቼ እንደማገኘው እንጃ።»

እኔ ጭቅጭቅ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ተፈራ ቦታውን በዓይናቸው ለኩ፤ ቆባቸውን ገፋ አድርገው ግንባራቸውን አሹ።

«ከወዲያኛው ጫፍ ጀምር» አሉ። «በእኔ በኩል ያለውን ጠርዝ ብቻ እስከ ማታ አቆይልኝ። መኪናው በእኔ አጥር በኩል ተጠግቶ ያነሳታል።»

«በእርስዎ አጥር በኩል እኮ የሥራ ቤትዎ አለ።»

«አፈርሰዋለሁ።»

ያችን የሥራ ቤት ጡረታ ሲወጡ በገዛ እጃቸው የሠሯት ናት። መጋዛቸው፣ መላጊያቸው፣ ከምፅዋ ያመጡት አሮጌ መዶሻ ሁሉ በየልኩ በተቀረጸለት ቦታ የሚሰቀልባት። ቀኑን የሚያሳልፉት እዚያ ነበር። መዶሻውን ራሱን ከመስቀያው አውርደው ጣራውን መምታት ጀመሩ። ቆርቆሮው ሲወርድ አቶ ኃይሉ ቆመው ያዩ ነበር፤ ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ምሰሶውን ያዙ። የቀን ሠራተኞቹም አካፋቸውን ጣሉ። የአካፋቸው እጀታ ሲሰበር የሚጠግኑላቸው እሳቸው ስለሆኑ የሚጠራቸው አላስፈለገም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀልባዋን ሃያ የሚሆን ሰው «ሆ!» ብሎ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫናት። ጋሽ ተፈራ ክዳኗን ለማንም አልሰጡም፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘዋት ጋቢና ተቀመጡ፤ መኪናው ወደ ባቦጋያ ተነሳ።

ባቦጋያ የሄድነው በሁለት ሳምንቱ እሑድ ነው። አቶ ኃይሉ በመኪናቸው ወሰዱን፤ እኔም የዚያን ቀን ጸሎት ቤት መሄዱን ትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ነጭ ሸራዋ ተወጥሮ፣ ጀልባዋ ውሃው ላይ ቆማ ስትጠብቀን አላወቅኳትም። እትዬ የሺ ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አልችልም ተፈራ። ውሃውን እያየሁ አልሄድም።»

«ታዲያ ሳታዪው ሂጂ። ጓዳዋ ውስጥ ግቢ።»

«ክዳኑን ትዘጋዋለህ?»

«እዘጋዋለሁ።»

ደግፈን አስገባናቸው፤ ጋሽ ተፈራ ቃላቸውን ጠብቀው ክዳኑን ዘጉ። የሆቴሉ ጀልባ ቀዛፊ ገመቹ ገመዱን ፈታ፣ ነፋሱ ሸራውን ሞላው፣ ተንቀሳቀስን። አቶ ኃይሉ ምሰሶውን አቅፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መሃል ሐይቅ ደረስን። ከጓዳው ድምፅ የለም። እኔ ልቤ አልቻለም፤ በዚያ ደረት እዚያ ታፍነው እንዴት ይሆናሉ ብዬ ክዳኑን ልከፍት እጄን ስሰድ ጋሽ ተፈራ ያዙኝ።

«ተያት ሲስተር። ስትፈልግ ራሷ ትከፍተዋለች።»

«በምን አቅማቸው?»

«ለዚች አቅም አያስፈልግም።»

ያን ጊዜ ነው ለምን ያን ያህል ሲልጉ እንደከረሙ የገባኝ። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ክዳኗ ተንሸራተተች፤ ምንም አልተሰማም፣ ስትከፈት ብቻ አየን። መጀመሪያ ጣታቸው፣ ከዚያ የነጠላቸው ጫፍ፣ ከዚያ ፊታቸው ወጣ። እትዬ የሺ የክዳኑን ጠርዝ ተደግፈው ዙሪያቸውን አዩ፤ ወደፊት፣ ወደ ጎን፣ ዞረው ወደኋላ።

«ሠላሳ ዓመት ያወራህልኝ ይሄንን ነው?»

«ይሄ ሐይቅ ነው የሺ። ባሕር ከዚህ ሺህ ጊዜ ይበልጣል።»

«ለእኔ ይበቃኛል» አሉ እትዬ የሺ።

ጋሽ ተፈራ ሸራውን የሚያስተካክሉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

ጀልባዋ እዚያው ሐይቁ ላይ ቀረች። ጋሽ ተፈራ ገመቹን የሸራ አያያዝ አስተማሩት፤ በየሳምንቱ ባልና ሚስት ይሄዱ ነበር። እኔም የቀን ፈረቃ ስለተሰጠኝ ቤት ቀይሬ ወደ ቦሌ ቀረብኩ። ዓመት ሳይሞላ ነው አቶ ኃይሉ ነጠላ ደርበው የመጡት።

ለቅሶው ላይ እትዬ የሺን እንዴት እንደማጽናናቸው ጨንቆኝ ገባሁ። እሳቸው ግን በሴቶች ተከብበው የመስኮቱን ታሪክ ያወሩ ነበር። «ይቺ ልጅ ናት በእግሩ የጎተተችው» ብለው ሲያሳዩኝ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ ዕንባውን እየጠረገ ሳቀ።

ከተዝካሩ በኋላ እትዬ የሺ ቢሾፍቱ የእህታቸው ልጅ ጋ ገቡ። አየሩ ለደረታቸው ተስማማቸው። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጥቁራቸውን እንደለበሱ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገመቹ ዝቅ ብሎ ገመድ ይጠቀልላል።

«ዛሬ አይወጡም እንዴ?» አልኳቸው ስሜያቸው ስቀመጥ።

ጉንጫቸውን ወደ ነፋሱ መለሱ። «አሁን አላማረኝም፣ እየተምታታ ነው። ከሰዓት በኋላ ይረጋጋል። ምሳ እንበላና እንወጣለን። ገመቹ ሸራውን ይይዛል፣ እኔ መሪውን፤ አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ።»

ውሃውን አየሁት። ባለፈው ስወጣ መሪውን የያዙት ጋሽ ተፈራ ነበሩ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ዋና አልችልም።»

«እኔስ መች እችላለሁ?» አሉና ተደግፈውኝ ተነሱ። ምሳችንን በልተን ወጣን።